ስለ አድማ ፈንድና ስለ ዩኒየን መሪዎች የሚወሩ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ በሆቴል፣ በፓርኪንግ፣ በኤርፖርት ወይም በፋብሪካ የሚሠራ ሐበሻ የዩኒየን መዋጮ ከቼኩ ላይ ሲቆረጥ ያያል። ገንዘቡ የት እንደሚገባ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው በወሬ ነው። ከአገር ቤትም ብዙ ልምድ ይዘን አልመጣንም። የኢትዮጵያ የሠራተኛ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዓ.ም.) እንደ አየር ትራንስፖርት፣ መብራትና ቴሌ ባሉ አገልግሎቶች ላይ አድማን ይከለክላል። ስለዚህ አድማ በተነሳ ቁጥር ግምቱ ይበዛል።

እስቲ የሚወሩትን አንድ በአንድ እንያቸው። ምሳሌ የማደርጋቸው በተለይ ሁለቱን የቅርብ ጊዜ አድማዎች፣ የ2023ቱን የመኪና ሠራተኞች (ዩኤደብሊው) አድማና የ2024ቱን የቦይንግ አድማ ነው። እነዚህም ሆኑ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«አድማ ከመታን ዩኒየኑ ደመወዛችንን ይከፍላል»

አይከፍልም። ከአባላት መዋጮ ከሚጠራቀመው የአድማ ፈንድ የሚከፍለው መቆያ ነው። በ2023 አድማ የመታ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ በሳምንት 500 ዶላር ያገኝ ነበር። የመጨረሻው እርከን ላይ የደረሰ የመገጣጠሚያ ሠራተኛ ደግሞ በሰዓት 32 ዶላር ገደማ ይከፈለው ነበር። በ40 ሰዓት ሲሰላ ከ1,200 በላይ ይመጣል። 500ው ግማሹን እንኳ አይሞላም። የቦይንጎቹ ደግሞ በሳምንት 250 ዶላር ነበር፤ እሱም ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ። ሲያትል አካባቢ የቤት ኪራይ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ 250 ዶላር ምን እንደሚያደርግ ይገባዋል።

በነጻ የሚታደልም አይደለም። ሰልፉ ላይ ተራህን ትቆማለህ፣ ስምህን ታስመዘግባለህ። ቤቱ ተኝቶ የሚቀበል የለም።

«ያዋጣሁት የራሴ ነው፤ ስለቅ ይመለስልኛል»

ይህ የዕቁብ አስተሳሰብ ነው። በዕቁብ የጣልከውን ተራህ ሲደርስ ትወስዳለህ። የአድማ ፈንድ ግን የሚቀርበው ለዕድር ነው። ሐዘን ካልደረሰብህ አትቀበልም፣ ከሰፈሩ ስትለቅም ያዋጣሁትን መልሱልኝ አትልም። ዩኤደብሊው በ2014 ወርኃዊ መዋጮውን ከ2 ሰዓት ደመወዝ ወደ 2 ሰዓት ተኩል ሲያሳድግ ጭማሪዋ ግማሽ ሰዓት ለአድማ ፈንድ ታስባ ነው። ያኔ ያዋጡ ብዙዎች አድማ ሳያዩ ጡረታ ወጥተዋል። በ2023 የበሉት ሌሎች ናቸው። ቅር የሚለው ይኖራል፤ ፈንዱ የሚሠራው ግን እንደዚህ ሆኖ ብቻ ነው።

«ይህን ሁሉ ሚሊዮን ይዘው ሁሉንም ሠራተኛ ለምን አያስወጡም? መሪዎቹ ፈሪ ናቸው»

ይህ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ የመሪው ችሎታ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነውና።

በመስከረም 2023 የዩኤደብሊው ፈንድ 825 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ሲሰሙት ያስደነግጣል። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በሦስቱ የመኪና ኩባንያዎች፣ በፎርድ፣ በጂኤምና በስቴላንቲስ፣ የነበሩት አባላት ወደ 146,000 ይጠጋሉ። ሁሉም በአንድ ቀን ቢወጡ በሳምንት 73 ሚሊዮን ዶላር ይሄዳል። ፈንዱ በ11 ሳምንት ገደማ ባዶ ይሆናል፤ ሌላ ወጪ ሳይቆጠር። ኩባንያዎቹም ይህን ሒሳብ መሥራት ይችላሉ። 11 ሳምንት መታገስ ከቻሉ አሸነፉ ማለት ነው።

የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሾን ፌን ያደረገው ሌላ ነው። በመስከረም 15 ሦስት ፋብሪካ ብቻ አስወጣ። አንዱ ሚቺጋን ያለው የፎርድ፣ ሁለተኛው ሚዙሪ ያለው የጂኤም፣ ሦስተኛው ኦሃዮ ያለው የስቴላንቲስ ነው። 13,000 ሠራተኛ ገደማ ነበሩ። በሳምንት 6 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ፈንዱ ዓመት አልፎም ይቆያል። ቀጣዩ ማን እንደሆነ ደግሞ ኩባንያዎቹ አያውቁም። ከሳምንት በኋላ የጂኤምና የስቴላንቲስ 38 የመለዋወጫ ማከፋፈያዎች ተጨመሩ። ፎርድ በድርድሩ ለውጥ ስላሳየ ያን ቀን ተዘለለ። በጥቅምት 11 ግን ኬንታኪ የሚገኘውና ትልቅ ትርፍ የሚያስገባለት የጭነት መኪና ፋብሪካ በድንገት ቆመ፤ 8,700 ሠራተኛ ወጣ።

ስድስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። ውሉ እስከ 2028 የሚዘልቅ የ25 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ይዞ መጣ። በእኔ እይታ የፈንዱ መጠን ብቻውን ይህን አያመጣም። ያመጣው «እስከ መቼ ይቆያሉ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ማጣቱ ነው።

ዘዴው ግን ዋጋ አላስከፈለም አልልም። ገሚሱ በ500 ዶላር ሲቆም ገሚሱ ሙሉ ደመወዙን እየበላ ይሠራ ነበር። በአንድ ማኅበር ውስጥ ይህን ቅሬታ መያዝ ቀላል ሥራ አይደለም።

«ዘጠና ሰባት በመቶው ለአድማ ድምፅ ከሰጠ አለቀ፤ አድማ ነው»

ድምፁ ለመሪው ሥልጣን ይሰጣል እንጂ ቀን አይቆርጥም። በ2023 የዕቃ አድራሹ ኩባንያ የዩፒኤስ ሠራተኞችም 97 በመቶ ድምፅ ሰጥተው ነበር። በሐምሌ መጨረሻ ስምምነት ተደረሰና አንድ ቀን እንኳ ሥራ አልቆመም።

«መሪው ከፈረመ በኋላ አባሉ ምንም ማድረግ አይችልም»

ለዚህ ከቦይንግ የተሻለ መልስ የለም። በመስከረም 2024 የማሽን ሠራተኞች ማኅበር መሪዎች በአራት ዓመት የ25 በመቶ ጭማሪ ያለበትን ውል ተስማምተው አመጡ፤ ተቀበሉትም ብለው መከሩ። 33,000 ገደማ የሚሆኑት አባላት ድምፅ ሲሰጡ 94.6 በመቶው እምቢ አለ። በማግሥቱ አድማው ተጀመረ። መሪዎቹ አንፈልግም ያሉትን አድማ ራሳቸው መምራት ነበረባቸው። የሚያሳፍር ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ሥራቸው ይኸው ነው እላለሁ።

በወሩ መጨረሻ ቦይንግ የጤና መድን አቋረጠ።  ይህም ሆኖ በጥቅምት የመጣውን ሁለተኛ ውል 64 በመቶው ጣለው። በኅዳር መጀመሪያ የ38 በመቶ ጭማሪ ያለበት ውል ሲመጣ 59 በመቶው ተቀበለ። ቀሪው 41 በመቶ ደስ አላለውም፤ በተለይ ጥያቄያቸው የድሮው ጡረታ እንዲመለስ የነበረ ሰዎች ያን አላገኙም። በመኪናዎቹም ቢሆን የጂኤም አባላት ውላቸውን ያጸደቁት በ55 በመቶ ብቻ ነው። «የአባላት ጥቅም» ስንል አንድ ነገር ይመስለናል። ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀረውና ትናንት የተቀጠረው የሚፈልጉት ግን አንድ አይደለም።

«ሁሉም ሌቦች ናቸው» እና «ኦዲት ስላለ መስረቅ አይቻልም»

ሁለቱም ስህተት ነው፤ አንድ ላይ ያነሳኋቸውም አንድ ታሪክ ለሁለቱም ስለሚበቃ ነው። የዩኤደብሊው ፕሬዚዳንት የነበሩት ዴኒስ ዊሊያምስና ጋሪ ጆንስ በ2020 ጥፋታቸውን አምነዋል። የአባላት ገንዘብ ለስብሰባ ወጪ እየተባለ ለቪላ ኪራይ፣ ለጎልፍና ለሲጋር ወጥቷል። ጆንስ 28 ወር፣ ዊሊያምስ 21 ወር ተፈረደባቸው። ያኔም ኦዲት ነበረ። ያኔም ሕግ ነበረ። ወረቀቱ ላይ «የስብሰባ ወጪ» የሚል ካለ ኦዲተሩ አልፎት ሊሄድ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ተቆጣጣሪ ሾመ። በ2021 አባላት ድምፅ ሰጥተው ፕሬዚዳንቱን ራሳቸው በቀጥታ እንዲመርጡ ወሰኑ። ከዚያ በፊት የሚመርጡት የጉባኤ ተወካዮች ስለነበሩ ከ70 ዓመት በላይ ያው አንድ ቡድን ነበር የሚያሸንፈው። በመጀመሪያው ቀጥተኛ ምርጫ ፌን ያሸነፈው በ483 ድምፅ ልዩነት ነው። ወረቀት ከተላከላቸው ውስጥ ድምፅ የሰጡት ደግሞ ከመቶ 15 እንኳ አይሞሉም። ማኅበሩን አማርሮ የማይመርጥ ሰው እዚህም ብዙ ነው ማለት ነው።

የራስህን ዩኒየን ለማየት የማንም ፈቃድ አያስፈልግህም። በ1959 በወጣው ሕግ መሠረት ትልልቅ ማኅበራት «ኤልኤም-2» የተባለ ዓመታዊ ሪፖርት ለሠራተኛ ሚኒስቴር ያስገባሉ፤ በድረ ገጹም ላይ ይወጣል። የመሪዎቹ ደመወዝ በስም በስም ተጽፏል። ከ5,000 ዶላር ጀምሮ ያሉ ብዙዎቹ ወጪዎችም ለማን እንደተከፈሉ ይታያል። መጀመሪያ የሆቴልና የስብሰባውን መስመር እይ።

«የአድማ ክፍያ ግብር የለውም»

አለው። በአብዛኛው እንደ ገቢ ይቆጠራል፤ ግን ሲከፈልህ ግብሩ ላይቀነስ ይችላል። በጥር 1099 የተባለው የግብር ቅጽ ሊመጣልህ ስለሚችል ከሚደርስህ ላይ ጥቂቱን አስቀምጥ።