«አስፋልት ሊወጣ ነው፣ ቶሎ ያዝ!»

አዲስ አበባ ዳር ዳሩን ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይህን የደላላ ቃል ሰምቶታል። ከዚሁ ጋር አብረው የሚነገሩ፣ እውነት የሚመስሉ ግን ያልሆኑ ነገሮች አሉ።

«መንገድ ከገባ ሌላው ራሱ ይመጣል»

አይመጣም። ኮንዶሚኒየም የደረሳቸውን ጠይቁ። ቁልፍ ተረክበው፣ ውሃና መብራት እስኪገባ ቤቱን ዘግተው ኪራይ ሲከፍሉ የቆዩ ብዙ ናቸው። ቀድመው የገቡት ደግሞ ቦቴ ጠብቀው፣ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው አራተኛ ፎቅ ይወጣሉ። ሊፍት የለማ! ቅደም ተከተሉም ነገር አለው። የውሃና የፍሳሽ ቱቦ ቀድሞ ካልተቀበረ፣ ያማረው አስፋልት ብዙ ሳይቆይ ይቆፈራል።

«የፍጥነት መንገድ ያለፈበት ሁሉ ይለማል»

የአዲስ–አዳማው የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ተከፈተ። ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለጭነት መኪና ትልቅ እፎይታ ነው፣ አይካድም። ግን ታጥሯል፤ የሚገባውም የሚወጣውም በክፍያ በር ብቻ ነው። አጥሩ ሥር የሚኖር ገበሬ መኪናው ሲከንፍ ያያል እንጂ ሽንኩርቱን ጠርዙ ላይ ዘርግቶ አይሸጥም። ሻይ ቤቱም ጎሚስታውም ያለው ዱከምና ቢሾፍቱን አቋርጦ በሚያልፈው በአሮጌው መንገድ ላይ ነው።

«ዋጋው የናረው ባለቤቱ ስላለማው ነው»

ቆርቆሮ አጥሮ የተቀመጠውም እኩል ናሮለታል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፤ በወረቀት የሚሸጠው ቤቱ ነው። አንዲት የጭቃ ክፍል በሚሊዮን ስትጠራ ታዲያ የሚከፈለው ለጭቃው ነው?

«ቦታው ባዶ ነበር»

ይቺ ታናድደኛለች። «ባዶ» የተባለው ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለቆ የሚነሳ ገበሬ ካሳው የሚሰላው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ብዜቱ ወደ 15 አደገ። ጥሩ ነው፤ ግን ሁለቱም ሂሳቡን የሚጀምሩት ከምርቱ ነው። መንገድ ገብቶ ያው ቦታ ለሊዝ ጨረታ ሲወጣ፣ በካሬ የሚጠራው ዋጋ ሌላ ዓለም ነው። የቀድሞው ባለማሳ እዚያ ሂሳብ ውስጥ የለም። እርሻው ላይ ለሚቆመው ፎቅ በጥበቃነት የተቀጠረ ገበሬ ያጋጠመን ግን ጥቂት አይደለንም።