«ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት»

ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ በፐርል፣ በፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ፣ የጻፈውን ስክሪፕት (ኮምፒውተር የሚፈጽመውን የትእዛዝ ጽሑፍ) እያሳየኝ «ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት አድርጌዋለሁ» አለኝ። ስክሪፕቱ ከአንድ ፋይል ውስጥ ስም ያነባል፤ በዚያ ስም ያለውን ፋንክሽን፣ ማለትም ስም የተሰጠውን የትእዛዝ ስብስብ፣ ይጠራል። የተጻፈው ስም ምንም ይሁን ምን ይሮጣል። አባባሉ ግን እንዲህ አይልም።

ልጅ ሳለሁ የቡና ጠሪው እኔ ነበርኩ። እናቴ ቡናውን እየቆላች «አንተ ልጅ!» ትላለች። «አቤት!» «ቡና ጥራ።» «ወዴት ልሂድ?» ስሞቹ የሚዘረዘሩት ያኔ ነው። የላይ ቤቷ፣ የታች ቤቷ፣ የወንዝ ማዶዋ። ከዚያ መሬት ላይ እንትፍ ትልና «ይቺ ምራቅ ሳትደርቅ ተመለስ!» በየደጁ «ቡና ጠጡ ትላለች እማዬ» እያልኩ እዞራለሁ። አንዷ ከሌለች «የለችም» ብዬ እመለሳለሁ እንጂ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሰው ይዤ አልመጣም።

አባባሉን የጌታና የአሽከር ወግ የሚያደርጉት አሉ። እኔ ግን የእናቶች ደጅ የወለደው ነው ባይ ነኝ። ለጌታ ቢሆን «አቤት» ብቻውን ይበቃ ነበር። «ወዴት» የሚል ልጅ መድረሻውን ሳያውቅ እግሩን አያነሳም።

ፐርልም ይህን ወግ ያውቃል። ላሪ ዎል እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ቋንቋ፣ በ1994 በፐርል 5 ሪፈረንስ፣ ማለትም ወደ ሌላ ነገር የሚጠቁም አድራሻ፣ ተጨመረለት። ስክሪፕቱ ላይ «ዩዝ ስትሪክት» (ጥብቅ ሁን) ካላችሁ በኋላ ፋንክሽንን በጽሑፍ ስሙ ብቻ ልጥራ ብትሉ ስህተት ብሎ ያቆማችኋል። ስለዚህ ሃሽ፣ በስም የሚፈለግ መዝገብ፣ ታበጃላችሁ። በግራ ስሙ፣ በቀኝ የፋንክሽኑ ሪፈረንስ። ስም በመጣ ቁጥር ሃሹ ውስጥ መኖሩን በ«ኤግዚስትስ» ትጠይቃላችሁ። ካለ፣ የሚያስፈልገውን በቅንፍ አስይዛችሁ ትልኩታላችሁ። ከሌለ «የለችም» ብላችሁ ወደሚቀጥለው። ሃሽ ቅደም ተከተል አይጠብቅም፤ የስሞቹን ተራ በዝርዝር ለብቻው ያዙ። እናቴም የላይ ቤቷን ሁሌ የምታስቀድመው ሴትዮዋን እግሯን ስለሚያማት ነበር። ቀድማ ካልተጠራች አቦሉ ያመልጣታል።

አሁን አሁን ቢሮ ውስጥ ለአለቃ የሚያሸረግደውን ሁሉ በዚህ አባባል ሲጠሩት እሰማለሁ። በጣም ያሳዝነኛል። እኛ ሰፈር በዚህ አባባል የሚመሰገነው የሚመረቅ ልጅ ነበር። የባልደረባዬም ስክሪፕት «ወዴት» አላለም። አንድ ሰው ያን ፋይል ከፍቶ መረጃ የሚሰርዘውን ፋንክሽን ስም ቢጨምርበት ኖሮ ዝም ብሎ ይሰርዝ ነበር።