ከስድስት ኪሎ እስከ ስልካችን፦ ጠቅላይ ፍርድ ቤትን በዲጂታል ዴሞክራሲ ዓይን ማየት

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ የሚወጣ ሰው በአጭር መንገድ ሁለት የሥልጣን ማዕከሎችን ያገኛል። ታች ሕግ የሚያወጣው ፓርላማ አለ። ላይ ደግሞ ሕጉን የሚተረጉመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት። በክርክር የተማረረ ሰው «እስከ ሰበር እሄዳለሁ!» ብሎ ሲዝት የዚህን ግቢ ደጅ ማለቱ ነው።

ፍርድ ቤቱ አሁን ያለውን ሥልጣን ያገኘው ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 80 በፌዴራል ጉዳዮች ላይ የበላይና የመጨረሻ የዳኝነት ሥልጣን ሰጥቶታል። የሰበር ሥልጣንም አለው። የመጨረሻ ውሳኔ ያገኘ ጉዳይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት ከተባለ፣ ከየትኛውም ክልል ቢመጣ ሊያየው ይችላል። አካሄዱ ቀላል ነው፤ ዕድሉ ግን ጠባብ ነው። አቤቱታው መጀመሪያ ሦስት ዳኞች የሚሰየሙበት አጣሪ ችሎት ይቀርባል። «ያስቀርባል» ከተባለ መልስ ሰጪው ይጠራል። «አያስቀርብም» ከተባለ ነገሩ እዚያው አበቃ። ያለፈው መዝገብ ቢያንስ አምስት ዳኞች ወደሚቀመጡበት ሰበር ሰሚ ችሎት ይሄዳል።

የዴሞክራሲው ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454፣ ይህ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም እርከን ያለ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤትን እንደሚያስገድድ ደነገገ። በ2013 ዓ.ም. የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን ሕግ እንደገና ያደራጀው አዋጅ ቁጥር 1234ም ይህንኑ ይዞ ቀጠለ። እንግዲህ ስድስት ኪሎ የተቀመጡ አምስት ዳኞች የጻፉት ነገር ጂንካም አሶሳም ይሠራል። ማንም አልመረጣቸውም። ዳኛ ይመረጥ እያልኩ አይደለም፣ ያ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ግን ያልመረጥነው ሰው የጻፈውን ቢያንስ በቀላሉ አግኝተን ማንበብ አለብን።

በ2000 ዓ.ም. የተወሰነውን የሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 እንውሰድ። ጉዳዩ ከደቡብ የመጣ ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ አሳድጋዋለች። አባት ልጄን ልውሰድ አለ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች በየደረጃው ለአባት ፈረዱ። ሰበር ግን ሻረው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ጠቅሶ፣ ከወላጅ መብት በፊት የልጁ ጥቅም ይታያል አለ። ከዚያ ወዲህ ልጅን ማን ያሳድግ የሚል ክርክር ሲነሳ ጠበቆች ይህን ቁጥር ይጠራሉ። ጠበቃ የሌላት አክስት ግን ቁጥሩን ከየት ታመጣዋለች?

እስካሁን የተሠራው ቀላል አይደለም። ገዢ ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ ታትመዋል፣ በድረ ገጽም ተለቀዋል። ከክልል የሚመጡ ባለጉዳዮች አዲስ አበባ ድረስ ሳይደክሙ በቪዲዮ የሚከራከሩበት አሠራር ከተጀመረ ቆይቷል፤ ሰዉ «ፕላዝማ» ይለዋል። አቤቱታ በኦንላይን ማስገባትም መጥቷል። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፍርድ ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ የተጀመረው የማሻሻያ ሥራ፣ በ2015 ዓ.ም. በተተኩት በአቶ ቴዎድሮስ ምሕረት ጊዜም የቴክኖሎጂው ክፍል ቀጥሏል።

ችግሩ አብዛኛው ነገር የሬጅስትራር ሥራን ማፍጠኑ ላይ ማተኮሩ ነው። መዝገብ ቶሎ መከፈቱ፣ ቀጠሮ በስልክ መታወቁ፣ ባለጉዳይ ከሂድ ተመለስ መገላገሉ ጥሩ ነው። ዴሞክራሲ የሚባለው ግን ከዚህ ያልፋል። ሕዝብ ችሎቱን ማየት፣ ውሳኔውን መፈተሽ፣ በዳኞች አሿሿም ላይ ድምፁን ማሰማት ይፈልጋል። ስካን የተደረገ ወረቀት ድረ ገጽ ላይ መስቀል ብቻውን ለዚህ አይበቃም። ፍለጋ የማይቀበል ፒዲኤፍ ውስጥ የተቀበረ ትርጉም ለአንባቢ የለም ማለት ነው። ደግሞ ሰበር የራሱን ትርጉም ሊለውጥ ይችላል። ቅጽ ውስጥ ያገኘኸው ውሳኔ ዛሬም ይሠራ እንደሆነ ወይ ተሽሮ እንደሆነ የሚነግርህ ማን ነው? አሁን ይህን ክፍተት የሚሞሉት በአብዛኛው በቴሌግራም ውሳኔ የሚቀባበሉ የሕግ ባለሙያዎች ናቸው። እግዜር ይስጣቸው፤ ሥራው ግን የእነሱ አልነበረም።

ቋንቋም አለ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአማርኛ ነው። ከኦሮሚያ የሚመጣው መዝገብ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ነው። የሰበር ትርጉም ሁሉንም የሚያስገድድ ከሆነ፣ የሚገደደው ሰው በሚያነበው ቋንቋም መውጣት ነበረበት። በቴክኖሎጂ ከተሞላ ከማንኛውም «ስማርት» የችሎት አዳራሽ በፊት ገንዘቡ እዚህ ላይ ቢወጣ እመርጣለሁ።

ችሎትን በቀጥታ ማሰራጨት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ድሮ «በላ ልበልሃ» ሲባል ሙግቱ በአደባባይ ነበር፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይሰማ ነበር። በቅርቡም በግንቦት 2012 አንድ ነገር አይተናል። ኮሮና ምርጫውን ሲያስተጓጉል የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ ተነሳ። ጉዳዩን የመረመረው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔ ባለሙያዎችን ጠርቶ ያዳመጠበት ስብሰባ በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። ስለ ምክር ቤት ምርጫ፣ ስለ ሥራ ዘመኑና ስለ አስቸኳይ ጊዜ የሚናገሩት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54፣ 58 እና 93 የሻይ ቤት ወሬ ሆኑ። ውጤቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ክርክሩን ግን ሰው በጆሮው ሰምቶታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በእኛ አገር ሕገ መንግሥትን የመተርጎም የመጨረሻ ሥልጣን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጥያቄውን መርምሮ ለምክር ቤቱ ሐሳብ የሚያቀርበው አጣሪ ጉባዔ 11 አባላት አሉት፤ ሰብሳቢው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነው። ስለዚህ የውጭ አገር የማሻሻያ ሐሳብ እንዳለ ቢገለበጥ አይገጥምም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሥራ ካልታየ፣ የፍርድ ቤቱ ካሜራ ብቻውን ግማሹን ነው የሚያሳየን።

ሹመት ላይ ከጎረቤት የምንማረው አለ። ኬንያ ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥቷ በኋላ ለዋና ዳኝነት የሚወዳደሩትን ሰዎች ቃለ መጠይቅ በቴሌቪዥን ታሳያለች። የእኛ አንቀጽ 81 ግን ፕሬዚዳንቱንና ምክትሉን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲሾም ያደርጋል፤ ብዙ ጊዜ ሕዝቡ ስሙን የሚሰማው በሹመቱ ቀን ነው። ለሌሎቹ ዳኞች ዕጩ የሚመርጠው የዳኞች አስተዳደር ጉባዔ ነው። ዕጩዎቹ ከመሾማቸው በፊት የሠሯቸው ውሳኔዎች በአንድ ገጽ ተሰብስበው ቢለጠፉ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያስፈልግም።

ሁሉን ማሳየት ግን አይቻልም። የፍቺ፣ የአስገድዶ መድፈር፣ የሕፃናት ጉዳይ ስም ሳይሸፈን ኢንተርኔት ላይ ከወጣ ተጎጂው ሁለተኛ ይጎዳል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ፤ የውሳኔ አለቃቀቅ ከእሱ ጋር መታረቅ ይኖርበታል። ምስክርም ካሜራ ሲያይ ሊፈራ ይችላል። ሰበር ላይ ምስክር ስለማይሰማና የሚከራከሩት በሕግ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ቀጥታ ስርጭት መጀመር ያለበት ከዚያ ይመስለኛል።

በመጨረሻ፣ መስመር ሲጠፋስ? በሰኔ 2012 ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ተዘግቶ ለሳምንታት ቆይቷል። አቤቱታ በኦንላይን ብቻ የሚቀርብበት ጊዜ ከመጣ፣ የይግባኝና የሰበር ቀን እየቆጠረ ኔትወርኩ የለም። ኢንተርኔት የተዘጋባቸው ቀናት ከጊዜ ገደቡ እንዲቀነሱ የሚያዝ አንድ ንዑስ አንቀጽ ያስፈልጋል። የወረቀት መስኮቱም አብሮ ክፍት ይቆይ፤ ከፍርድ ቤት ደጅ ጥላ ዘርግተው የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ዛሬም ደንበኛ አላጡም።