ብቸኛ ቁጥር ምንድን ነው? 1ስ ለምን አይገባበትም?

«ብቸኛ ቁጥር ለ1 እና ለራሱ ብቻ የሚካፈል ነው።» ይህን አባባል ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው ይህንኑ ይዞ «እንግዲያው 1 የብቸኞች ሁሉ ብቸኛ ነው፤ የሂሳብ ሰዎች ያለ ምክንያት ነው ያስወጡት» ብሎ ሲከራከር ሰማሁ። ምክንያትማ አለ። ያውም ጠንካራ ምክንያት።

ብቸኛ ወይም ፕራይም የምንለው ልክ ሁለት አካፋዮች ያሉትን ቁጥር ነው። 7ን የሚያካፍሉት 1 እና 7 ናቸው። 12 ስድስት አካፋዮች ስላሉት ኮምፖዚት፣ ማለትም ከሁለት በላይ አካፋዮች ያሉት ቁጥር ነው። 1 ግን አካፋዩ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን አይደለም።

ስሙም ሳያሳስት አይቀርም። «ብቸኛ» ሲባል ጓደኛ የሌለው፣ ነጠላ የሆነ ነገር ይመጣብናል። ከ1 በላይ ነጠላ ማን አለ? እዚህ ግን ጉዳዩ ማባዛት እንጂ ነጠላነት አይደለም።

ተከራካሪዬ «ይህ ትርጉም ራሱ 1ን ለማስወጣት የተበጀ ነው» ይል ይሆናል። አዎ፣ ነው። ጥያቄው ለምን ተበጀ የሚለው ነው።

ቁጥርን በክር እንደተሰካ ዶቃ አስቡት። ዶቃዎቹ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። 12ን በትኑት። በ4×3 ጀምሩ፣ በ6×2 ጀምሩ፣ መጨረሻ ላይ እጃችሁ ላይ የሚቀሩት 2፣ 2 እና 3 ናቸው። ሌላ ሰው ሌላ ቦታ ሆኖ ቢበትነውም እነዚያኑ ያገኛል። ይህ የአሪትሜቲክ መሠረታዊ ቲዎረም (በማረጋገጫ የጸና የሂሳብ እውነት) ይባላል። ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1801 በተሟላ ማረጋገጫ አስቀምጦታል። ለእኔ ከሂሳብ ውብ ነገሮች አንዱ ነው።

አሁን 1ን ዶቃ እናድርገው። 12 ማለት 2×2×3 ነው። 1×2×2×3ም ነው። 1×1×1×2×2×3ም ነው። ማለቂያ የለውም። «12 ስንት ዶቃ አለው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ ጠፋ ማለት ነው።

ታዲያ 1 ምንድን ነው? ባዶው ክር ነው፤ ዶቃ ያልገባበት። ማባዛት ሁለት ክሮችን እንደመቀጠል ነው። ባዶ ክር ስትቀጥሉበት ዶቃው አይጨምርም፣ አይቀንስም። በ1 ማባዛት ምንም የማይለውጠው ለዚህ ነው። የዶቃዎቹ ቅደም ተከተል ዋጋ የለውም፤ 2×3×2 እና 2×2×3 አንድ ናቸው። 0 ደግሞ ጭራሽ በክር አይሰካም፣ እሱን ተዉት።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ዶቃዎቹ ሁሌም እነዚያው የሚሆኑት በተለመዱት ሙሉ ቁጥሮች ነው። የ−5ን ስኩዌር ሩት የሚጨምር የቁጥር ዓለም ውስጥ ከገባን፣ 6 በ2×3 ይበተናል፣ በ(1+√−5)×(1−√−5)ም ይበተናል። ዶቃዎቹ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቁጥር ሁሌም ወደ እነዚያው ዶቃዎች መበተኑ በነጻ የተሰጠን ነገር አይደለም።

«ድሮ 1 ብቸኛ ይባል ነበር» የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው። የሂሳብ ሰው የነበረው ጎልድባክ እ.ኤ.አ. በ1742 ለሂሳብ ሊቁ ለኦይለር በጻፈው ደብዳቤ 1ን ከብቸኞቹ ጋር ቆጥሮታል። አሜሪካዊው የሂሳብ ሰው ሌመር እ.ኤ.አ. በ1914 ያሳተመው የብቸኛ ቁጥሮች ሰንጠረዥም ከ1 ይጀምራል። ስለዚህ ነገሩ ስምምነት ነው ቢባል አልቃወምም። በዘፈቀደ ነው ሲባል ግን አልስማማም። 1ን ካስገባን በየቲዎረሙ ላይ «ከ1 በስተቀር» እያልን ልንጽፍ ነው።

አሁንም ያልተዋጠለት ካለ የኤራቶስቴንስን ወንፊት፣ ማለትም ብቸኛ ቁጥሮችን አጣርቶ የማውጫውን የጥንት ግሪካዊ ዘዴ ይሞክር። ከ2 እስከ 30 ይጻፍ። 2ን ያክብብና ሌሎቹን የ2 ብዜቶች ይሰርዝ፤ ቀጥሎ 3፣ ከዚያ 5። በመጨረሻ ከ2 እስከ 29 ያሉት አሥር ብቸኛ ቁጥሮች ይቀራሉ። ቀጥሎ አዲስ ወረቀት ያውጣና በዚሁ ደንብ ከ1 ይጀምር። 1ን አክብቦ የ1ን ብዜቶች ሲሰርዝ 2 ይሄዳል፣ 3 ይሄዳል፣ ወረቀቱ ላይ ከ1 በቀር የሚተርፍ የለም።