የልጅ የልብ ቫልቭ (የደም ማሳለፊያ በር) ከተጠገነ በኋላ የፔኒሲሊን መርፌው ለምን አይቆምም?

ከደሴና ከሐይቅ አካባቢ ያላችሁ ወላጆች ይህን ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁ በግልጽ ላስረዳ። ቀዶ ሕክምናው በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ሚትራል ቫልቭ በደንብ እንዲከፈትና እንዲገጥም ያስተካክላል እንጂ፣ ቫልቩን ያበላሸው ሩማቲክ ፊቨር (በባክቴሪያ ከሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚከሰትና ልብን የሚጎዳ በሽታ) ተመልሶ እንዳይመጣ አያደርግም። ለምሳሌ በ12 ዓመቷ የታከመች ልጅ ዛሬ የጦሳን ዳገት ሳያልባት፣ ሳይደክማት ብትወጣም፣ የፔኒሲሊን መርፌዋን አቋርጣ በባክቴሪያ የሚመጣው የጉሮሮ ሕመም ዳግም ከያዛት፣ የተጠገነው ቫልቭ እንደገና ሊጠብ ወይም ደም ወደ ኋላ ሊያፈስ፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናም ሊያስፈልጋት ይችላል። ስለዚህ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠው መርፌ ከጥገናው በኋላም ይቀጥላል፤ ይህ እርግጥ ነው። እስከ መቼ የሚለው ግን እንደ ዕድሜዋና እንደ ጉዳቱ መጠን ይለያያል፤ ለአንዳንዱ እስከ 40 ዓመት ዕድሜ፣ ለሌላው ዕድሜ ልክ ስለሚሆን፣ እባካችሁ ልጅቷ ደህና መስላ ስለታየች ብቻ ከልብ ሐኪሟ ሳትመክሩ አታስቁሟት።