በሚሟሟ ርብራብ ላይ የሚያድግ የሽንት ፊኛ

የሽንት ፊኛ ህብረ ህዋስ ምህንድስና ከታካሚው ከራሱ ፊኛ ህዋሳትን ወስዶ፣ ሰውነት በማይቆጣው ፖሊመር (ሞለኪውሎቹ እንደ ረጅም ሰንሰለት የተያያዙ ቁስ) ላይ አዲስ የፊኛ ግድግዳ አሳድጎ መልሶ የመስፋት ሥራ ነው። ፖሊመሩ የሚያገለግለው እንደ ርብራብ ነው። ፎቅ ሲሠራ የባሕር ዛፉ ርብራብ ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ተሸክሞ ይቆይና ይፈርሳል። ይኼኛውን ግን የሚያፈርሰው የለም፤ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል።

ጤናማ የአዋቂ ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ሽንት ይይዛል፤ እየሞላ ሲሄድም ስለሚለጠጥ ውስጡ ያለው ግፊት ብዙም አይጨምርም። የአከርካሪ ክፍተት (ስፓይና ቢፊዳ) ይዘው የተወለዱ ልጆች ፊኛ ግን ነርቭ በትክክል ስለማያዘው ይደድራል፣ ይጠባል፤ ግፊቱም ወደ ላይ ተመልሶ ኩላሊትን ይጎዳል። ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ የአከርካሪ ክፍተት የሚመደብበት የነርቭ ቱቦ ክፍተት በብዛት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

ለእንዲህ ያለው ፊኛ የቆየው መፍትሔ ከአንጀት ቆርጦ መቀጠል ነው። ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ዛሬም ዋናው ሕክምና እሱው ነው። ነገር ግን አንጀት የተፈጠረው ለመምጠጥ ነው። ሰውነት ሊጥለው የፈለገውን አሲድ ከሽንቱ መልሶ ወደ ደም ያስገባል፣ ንፍጥ መሰል ዝልግልግ ፈሳሽ ያመነጫል፣ ጠጠር ያበዛል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የካንሰር ስጋትም አለው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በፕላስቲክ፣ በሲሊኮንና በመሳሰሉት ፊኛን ለመተካት የተደረጉት ሙከራዎች በጠጠር፣ በኢንፌክሽንና በማፍሰስ ከሽፈዋል።

ለውጡ የመጣው በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ከዶ/ር አንቶኒ አታላና ከባልደረቦቻቸው ሥራ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የፊኛን የውስጥ ሽፋን ህዋሳት በላብራቶሪ ማባዛት ተቻለ፤ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ከምትሆን ናሙና በ8 ሳምንት ከ4,000 ካሬ ሜትር በላይ የሚሸፍን ህዋስ ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ። ይህ ከግማሽ የእግር ኳስ ሜዳ ይበልጣል። ለርብራቡ የመረጡት ፖሊግላይኮሊክ አሲድ ደግሞ ለቀዶ ሐኪም እንግዳ አልነበረም፤ የሚሟሟው የስፌት ክር የሚሠራበት ፖሊመር ነው። ውሃ ሰንሰለቱን እየበጣጠሰ ወደ ግላይኮሊክ አሲድ ይለውጠዋል፤ እሱንም ሰውነት ያስወግደዋል።

በ1999 የታተመው ጥናታቸው በቢግል ውሾች ላይ የተደረገ ነው። የኩላሊት ቱቦዎች የሚገቡበት የታችኛው ሦስት ማዕዘን ብቻ ቀርቶ ቀሪው ፊኛ ተቆርጦ ወጣ። በቦታውም በፊኛ ቅርጽ የተሠራ ፖሊመር ገባ፤ ከውጭ የጡንቻ ህዋስ፣ ከውስጥ የሽፋን ህዋስ የተዘራበት። እስከ 11 ወር በተደረገው ክትትል እነዚህ ውሾች የቀድሞውን የፊኛ መጠን 95 በመቶ መልሰው አገኙ። ህዋስ ያልተዘራበት ባዶ ርብራብ የተገጠመላቸው 46 በመቶ፣ ምንም ያልተገጠመላቸው 22 በመቶ ላይ ቀሩ። ርብራብ ብቻውን ፊኛ እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አላውቅም።

በ2006 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ሥራ ወደ ሰው ተሻገረ። ታካሚዎቹ ከ4 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 7 ልጆችና ወጣቶች ነበሩ፤ ሁሉም የአከርካሪ ክፍተት ይዘው የተወለዱ። ናሙናው ከተወሰደ ከ7 ሳምንት ገደማ በኋላ ህዋስ የለበሰው ርብራብ ከራሳቸው ፊኛ ላይ ተሰፋ። ከሁሉ የተሻለ ውጤት ያሳየው ከኮላጅን (በሰውነት ውስጥ ያለ ደጋፊ ፕሮቲን) እና ከፖሊግላይኮሊክ አሲድ ተቀላቅሎ የተሠራው፣ በሞራ የተጠቀለለው ነው። በግ ሲታረድ ሆድ ዕቃውን እንደ ነጭ መረብ ሸፍኖ የምናገኘው ሞራ በሰውም አለ፤ በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ አዲሱን ግድግዳ ይመግባል። ይህ በተገጠመላቸው ታካሚዎች የፊኛው መጠን በአማካይ 1.58 እጥፍ ሆነ፤ አንጀት የሚያመጣው የጠጠርና የአሲድ ችግር አልታየም። ዜናው በዓለም ላይ «በላብራቶሪ የተሠራ ፊኛ» ተብሎ ተሰራጨ። አባባሉ ታካሚዎቹ ፊኛቸው በሙሉ የተተካ ያስመስላል፤ የተደረገው ግን ማስፋት ነው። ነርቩ ስላልዳነም በካቴተር (ሽንት በሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ) መሽናታቸው አልቀረም። ይህ ግን የሥራውን ታላቅነት አይቀንሰውም።

ቀጣዩ ሙከራ ቴንጂየን በተባለ ኩባንያ ተካሂዶ በ2014 ታተመ። በ10 ልጆች ላይ የፊኛው የመለጠጥ አቅም የሚያረካ መሻሻል አላሳየም፤ ከእነሱም በ4ቱ ላይ የአንጀት መዘጋት ወይም የፊኛ መቀደድ ደረሰ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ከሰረ። ለውድቀቱ ምክንያት ተብለው የሚነሱት የደም ሥር በጊዜ አለመድረስ፣ የታመመ ፊኛ ህዋስ ድክመትና አዲሱ ፊኛ እየሞላ እየተለጠጠ አለመለማመዱ ናቸው፤ ክርክሩ አልተቋጨም። በእኔ እምነት የወደቀው አሠራሩ እንጂ ሐሳቡ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የሐር ፕሮቲንና ሌሎች ርብራቦች ተሞክረዋል። በአሜሪካው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከሲትሪክ አሲድ የሚሠራ የሚለጠጥ ፖሊመር ተመርጦ፣ ከፊኛ ይልቅ ከእንስሳው ከራሱ መቅኒ የተገኙ ህዋሳት ተዘሩበት። ሙከራው የተደረገባቸው ዝንጀሮዎች ክትትል ሁለት ዓመት ዘልቆ ውጤቱ በ2024 ታትሟል፤ የተነጻጸረውም ከዚያው ከቆየው የአንጀት ቅጥያ ጋር ነበር።