የፓወር ስቲሪንግ ግፊት ምንድን ነው?

ፓወር ስቲሪንግ ፓምፕ በሚያዘዋውረው ዘይት መሪን የሚያቀል ሥርዓት ነው። የአሮጌ የጭነት መኪናው መሪ ከብዶት መላ ለሚጠይቅ ሰው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጠዋል፦ «ፓምፑ ግፊት ማመንጨት አቁሟልና ቀይረው። አዲስ መግዛት ካልቻልክ የማስተንፈሻ ቫልቩን ሞላ አጥብቀው፤ ግፊቱ ይጨምራል።» ሰሞኑን ይህንኑ በሙሉ ልብ የሚመክር አስተያየት ሰጪ አጋጠመኝ። መካሪው አልተጠራጠረም፣ ጠያቂውም አመስግኖ ሄደ።

ፓምፕ ግፊት አያመነጭም። ፓምፕ የሚሰጠው ፍሰት ነው። ግፊት የሚፈጠረው ያ ፍሰት የሚያግደው ነገር ሲያጋጥመው ብቻ ነው።

ጅረት ላይ አፈር ደልድሎ ውሃውን ወደ ማሳው የሚመልስ ገበሬ ይህን ያውቀዋል። ያልታገደ ጅረት ዝም ብሎ ይወርዳል፤ ሲገደብ ግን ውሃው ከግድቡ ኋላ ከፍ ይላል። ያ ከፍታ ግፊቱ ነው። ምንጩ ፓምፑ፣ ግድቡ ደግሞ የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ በሚያስተላልፈው የመሪ ሳጥን ውስጥ ያለው ቫልቭ መሆኑ ነው። መሪው ቀጥ ባለ ጊዜ ቫልቩ ክፍት ስለሆነ ዘይቱ ሳይታገድ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል፤ የግፊት መለኪያ ቢገጠም ብዙውን ጊዜ ከ10 ባር በታች ያሳያል። ይህን አይቶ «ፓምፑ ሞቷል» ያለ ሰው አውቃለሁ። ሾፌሩ መሪውን ሲያዞር በቫልቩ መሃል ያለው ቀጭን ዘንግ በጥቂቱ ይጠመዘዛል፣ መተላለፊያው ይጠባል፣ ግፊቱም የጎማው ተቃውሞ የጠየቀውን ያህል ይወጣል። በከባድ መኪና ከ130 ባር ሊያልፍ ይችላል።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ፍራንሲስ ዴቪስ የተባለው አሜሪካዊ የጭነት መኪና መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፓወር ስቲሪንግ የተሳካለት ቫልቩን እንደ ወትሮው ዘግቶ ግፊት ከማከማቸት ይልቅ ክፍት ትቶ ዘይቱ ያለማቋረጥ እንዲዘዋወር በማድረጉ ነበር። የመኪና አምራቹ ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ ያቀረበው የኢምፔሪያል መኪና መሪም በዚሁ መንገድ የሚሠራ ነው።

ወደ ሞላው እንመለስ። ማስተንፈሻ ቫልቩ የግድቡ ማፍሰሻ ነው፤ ውሃው ከተወሰነ ከፍታ እንዳያልፍ ይጠብቃል። ግድቡ ከሥሩ የሚያፈስ ወይም ምንጩ የደከመ ከሆነ ውሃው ማፍሰሻው ጋር አይደርስም። ታዲያ ማፍሰሻውን ከፍ ማድረግ ምን ይፈይዳል? ቫልቩ ቆሻሻ ይዞት ክፍት ከቀረ ወይም ሞላው ከተሰበረ ሌላ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ይጸዳል፣ ይቀየራል። ደህናውን ሞላ ማጥበቅ ግን መሪው ጥግ ሲደርስ ያረጀውን ቱቦ ለማፈንዳት ካልሆነ ጥቅም የለውም። የምንጭ ውሃ እንደ ዘይት ግሎ እንደማይቀጥን ግን ልብ በሉ። ጠዋት ቀሎ ሞተሩ ሲሞቅ የሚከብድ መሪ ውስጣዊ ማፍሰስ እንዳለበት ያስጠረጥራል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ዘይት የተለካ ግፊት አያሳምነኝም።

መለኪያው መዝጊያ ቧንቧ ያለው ሆኖ በፓምፑና በመሪ ሳጥኑ መሃል ይገጠማል። ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው በሚኒሞ እየሠራ መዝጊያው ይዘጋል፤ ከ5 ሰከንድ በላይ ግን አይቆይም፣ አለዚያ ደህናውን ፓምፕ ታቃጥላላችሁ። መርፌው አምራቹ ወዳስቀመጠው ቁጥር ዘሎ ከወጣ ፓምፑ ከጥፋት ነጻ ነው። ከዚያ መዝጊያው ተከፍቶ መሪው እስከ ጥግ ይዞራል። አሁን መርፌው ከቀድሞው በጉልህ ዝቅ ካለ ዘይቱ በሳጥኑ ውስጥ እያመለጠ ነው፦ ዘይቱ የሚገፋው ፒስተን «ሲል» (ዘይት የሚያግደው ማሸጊያ) ወይም ቫልቩ ተበልቷል። ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከብድ መሪ ከሆነማ ፓምፑን ባትነኩት ይሻላል፤ ፓምፕ ግራና ቀኝ አይለይም። በብዙ ከባድ መኪኖች ግን መሪው ጥግ ሊደርስ ሲል ግፊቱን ሆን ብለው የሚያወርዱ ትንንሽ ቫልቮች በሳጥኑ ውስጥ አሉ። ስለዚህ እነሱ ሳይከፈቱ መሪው እንዲቆም በአክሰሉ ማቆሚያ ላይ የብረት መደብ ሳያስገቡ የተነበበ ቁጥር ያሳስታል። መደቡን የሚያስገባ ሰው ጣቱን ይጠብቅ።

ግፊቱ ልክ ሆኖ ፍሰቱ የሚያንስበት ጊዜም አለ። መሪው በዝግታ ሲዞር ቀሎ በፍጥነት ሲዞር ቢከብድ፣ ወይም ጋዝ ሲሰጡት ቢቀል፣ መጀመሪያ የላላ ቺንጋ፣ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም ውስጡ የተላላጠ የመምጠጫ ቱቦ ፈልጉ። የማጠራቀሚያውን ክዳን ክፈቱ፤ ዘይቱ ነጣ ብሎ አረፋ ከያዘ አየር እየገባ ነው። የመምጠጫው ወገን ዘይት ሳያንጠባጥብ አየር ሊስብ ስለሚችል ከውጭ ደረቅ መሆኑ አያዘናጋችሁ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ መሪው ከከበደ ጥፋቱ ከዘይቱ ጋር ግንኙነት ላይኖረው ይችላል። የፊቱን አክሰል በክሪክ አንሱና ደግፉት፤ ከመሪ ሳጥኑ የሚመጣውን ዘንግ ፍቱና ጎማዎቹን በእጅ አዙሩ። ግራሶ ያጣ ኪንግ ፒን (የፊት ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞርበት ምሰሶ) ወዲያው ያስታውቃል። መንገድ ላይም ምልክት አለው፦ መኪናው ከታጠፈ በኋላ መሪው በራሱ አይመለስም።

ፓምፑ በእርግጥ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ ይቀየር። ነገር ግን ያረጀ ፓምፕ የብረት ብናኝ በመስመሩ ሁሉ ስለሚረጭ ቱቦዎቹን ሳታጥቡና ፊልትሮውን ሳትቀይሩ አዲሱን አትግጠሙ። ዘይቱም ክዳኑ ላይ ወይም መመሪያው ላይ የተጻፈው ይሁን እንጂ ቀይ ስለሆነ ብቻ ያገኛችሁትን አትጨምሩ፤ የማይስማማ ዘይት ሲሎቹን ያበላሻል።